ወደ ጎርፉ የሮጠው ሰው

የሥነ ምግባር መምህሩ ሰይፈ ሚካኤል ለማስተርስ ተማሪዎቹ የሰጠው የቤት ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። ከመዝናኛ ሁሉ አብልጣችሁ የምትወዱትን ጻፉ፤ ከዚያ እዚያ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ፈልጋችሁ ምን እንደተሰማው ጠይቁት አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ፣ የህንድ አክተር ከየት አምጥቼ ልጠይቅ ብሎ አጉረመረመ። ክፍሉ ሳቀ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ዱኒያ ቤቷ ገብታ መጀመሪያ የህንድ ፊልም ጻፈች፤ ሰረዘችው። የሠርግ ዘፈን ጻፈች፤ እሱንም ሰረዘችው። የልቧን ታውቃለች። አርባ ሰከንድ የማይሞላ ቪዲዮ ነው።

የሠራው ሚክዳድ የሚባል የከተማው ቀልደኛ ነው። ቦታው ደቻቱ፣ ውሃ በሌለበት ጊዜ ሳልባጅ ልብስ የሚሸጥበት የወንዝ አሸዋ ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሚክዳድ የወንዙ ዳር ግንብ ላይ ቆሞ ለቀልድ ጎርፍ መጣ ብሎ ይጮኻል። ድሬዳዋ ላይ ይህን የሰማ ሰው ሽቅብ አይቶ አያጣራም። ዝናቡ ደጋው ላይ ጥሎ ከተማው በፀሐይ እየነደደ ሳለ ውሃው ይደርሳልና ይሮጣል። ሻጩ ሁሉ ጨርቁን ጥሎ ወደ ግንቡ ደረጃ ሲተም፣ አንድ ሽርጥ ያገለደመ ረጅም ሰውዬ ብቻ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ መሀል ይሮጣል። ሽርጡ ሊወልቅበት ይላል፤ በአንድ እጁ ጨብጦ ይሮጣል። እዚያ ላይ ያልቃል።

እናቷ የሞተች ጊዜ የዱኒያ ጥርስ አርባ ቀን አልታየም። በአርባ አንደኛው ቀን ይህን አይታ ሳቀች፤ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሲከፋት ትከፍተዋለች። በኢንዱስትሪ ፓርኩ አብረዋት የሚሠሩት ልጆች በምሳ ሰዓት ስልኳን እየተቀባበሉ አይተውታል። ሦስት ገጽ ሞላች። መጨረሻው ላይ ጎርፍ አልነበረም፣ ማንም አልተጎዳም ብላ ጻፈች።

የቀራት ሰውዬውን መጠየቅ ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ ወረደች።

ፋራህ ይባላል። ጫኝና አውራጅ ነው። የልብስ ቦንዳ ሲያስር አገኘችው። የመጣችበትን ስትነግረው ገመዱን ማጥበቁን አልተወም። አጠገቡ ልባሽ ዘርግታ የተቀመጠችው አሮጊቷ ሃዎ ቀደመችው።

«ወዴት የሮጠ መሰለሽ?» አለቻት። «ወደ እኔ ነው እኮ። ጉልበቴን እይው፣ ሁለቱም ካዱኝ። ሰው ሁሉ ጥሎኝ ሲወጣ ይሄ እብድ ተሸክሞኝ ወጣ። ሚክዳድ እኔን ቆርጦ ጣለኝ። መልኬ አላማረውም መሰለኝ።»

ዙሪያው ያሉ ሻጮች ሳቁ። ዱኒያ አልሳቀችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሩጫ አይታለች፤ ወዴት ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችም። ተቀይመህ ነበር ወይ አለችው ፋራህን።

«በእኔ ቢስቁ ግድ የለኝም» አለ ሳያያት። «ጩኸቱን ነው ያበላሸው።»

ቃሉን ደብተሯ ላይ አሰፈረችው። አልገባትም። ስልኳን አውጥታ ይህንኑ በቪዲዮ ድገምልኝ ስትለው እጁን አወናጨፈ። ሻጮቹ ለከፉት፤ አርቲስቱ ተኮፈሰ፣ ሽርጡን ጠበቅ ያድርግ አሉ። ሃዎ፣ ልጅቷ ከመጋላ ድረስ ለብሳ አጊጣ መጥታለች፣ አታሳፍራት አለችው።

የፋራህ ስልክ የጮኸው በዚህ መሀል ነው።

የደወለው ጃማዕ ነበር፤ በሐረር መንገድ ሚኒባስ የሚነዳ አማቹ። የአሸዋው ሰዎች ልማድ አላቸው። ከላይ ደጋው፣ ደንገጎ ላይ ዝናብ ያየ ሾፌር ታች ለሚያውቀው ሰው ይደውላል፤ የተደወለለት ይጮኻል። ፋራህ አዳመጠ። ስልኩን ደረት ኪሱ ከተተ። ገመዱን ለቀቀና ጮኸ። በሶማሊኛ ጮኸ፣ በኦሮምኛ ጮኸ፣ በአማርኛ ጮኸ።

ማንም አልተነሣም።

መጀመሪያ እሱን አዩት። ቀጥሎ ዱኒያ እጅ ላይ ያለውን ስልክ አዩ። ሰማዩ ላይ ብጣቂ ደመና የለም። ለካሜራ ነው አለ አንዱ። እሷም እንደዚያው መሰላት። እምቢ ካለ በኋላ አዘነልኝ፣ ለእኔ ብሎ ደገመው ብላ ደስ አላት። ስልኩን ከፍ አድርጋ እየሳቀች መቅረጽ ጀመረች።

ፋራህ በሦስቱም ቋንቋ ደግሞ ጮኸ፤ ለመናቸው። ጃማዕ ደወለ፣ ደንገጎ ጠቁሯል፣ ተነሡ አለ። በለመነ ቁጥር ሳቁ እየበዛ ሄደ። ዘንድሮ ትወናው ተሻሽሏል አለው ጫማ ሻጩ። መከራከሩን ተወና ሃዎን ብድግ አድርጎ ጀርባው ላይ አዘላት። ጀርባውን በጡጫ እየደቃች፣ እቃዬ፣ እቃዬ እያለች እሷም ትስቃለች። ዱኒያ ፊት ፊቱ እየቀደመች፣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች የግንቡን ደረጃ ወጣች። ፊቱ እንዳያመልጣት ነበር። ሕይወቷን ያተረፈው ይህ ነው።

ሃዎን ከላይ አስቀመጣት። ቀና ብሎ ዱኒያን አየ። ተመልሶ ወረደ።

ድምፁን ያን ጊዜ ሰሙት። ውሃው በመታጠፊያው ሲዞር ቀይ ነበር፤ ዛፍ ከነሥሩ ይዟል፣ በር ይዟል፣ ፍየል ይዟል። የሳቀው ሁሉ ሮጠ፤ ብዙው ደረሰ። ሻይ የምትሸጠው ዐያን ማንቆርቆሪያዋን ልታነሣ ዘገየች። ፋራህ ክንዷን ይዞ እየገፋ ደረጃው ላይ ወረወራት። የጫማ ሻጩ እጅ ያዛት። የፋራህን እጅ የያዘ የለም። ዱኒያ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ስልኩ እጇ ውስጥ ነው።

በማግስቱ አስከሬኑን ከከተማው በታች አሸዋ ውስጥ አገኙት። ያን ቀን ተቀበረ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ በተቀመጡበት ተዕዚያ ላይ ወሬ ተነሣ። እየሳቀ ነበር የጮኸው ተባለ። ለልጅቷ ቪዲዮ ሲጫወት ነው፣ በቁም ነገር ቢነግረን ማን ይቀመጥ ነበር ተባለ። እቃው የሄደበት ሰው ሁሉ ይህን ማመን ፈለገ። የፋራህ ልጅ ራሕማ፣ አባቷ በጨዋታ እንደሞተ በገዛ ቤቷ ሰማች። ይህን ለዱኒያ የነገረቻት ሃዎ ናት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀልድ ትታለች።

ሚክዳድም ደወለ። ድምፁ ተሰብሯል። ቪዲዮው እንዳላት ሰምቷል። ለፋራህ መታሰቢያ ልልቀቀው፣ ድምፁን አጥፍቼ መንዙማ አደርግበታለሁ አላት። ዱኒያ ቪዲዮውን ሰምታዋለች። የእሱ ጩኸት አለበት። የእሷ ሳቅ ደግሞ ለስልኩ ቅርብ ስለነበር ከሁሉ ይጎላል። ድምፁ ቢጠፋ የእሷ ኀፍረት ይጠፋል፤ የሰውዬውም ምስክር አብሮ ይጠፋል።

ሚክዳድን እምቢ አለችው። ሻሿን አጥብቃ ተዕዚያ ቤት ሄደች፤ ሴቶቹ መሀል ገብታ ስልኩን ከፍታ ለራሕማ ሰጠቻት። ራሕማ ትንሽ አየችና ተነሣች። ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ወደተቀመጡት ወንዶች ወጣች፤ ዱኒያ ተከተለቻት። ራሕማ ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍታ መሀላቸው ቆመች።

ፋራህ በሦስት ቋንቋ ጮኸ። ጃማዕ ደወለ፣ ደንገጎ ጠቁሯል፣ ተነሡ አለ። በድምፁ ውስጥ የሳቅ ዘር የለም፤ ይለምናል። በላዩ ላይ የአንዲት ሴት ሳቅ ይንከተከታል። ጫማ ሻጩ አንገቱን ደፋ። ሌሎቹም አንድ በአንድ መሬት መሬት አዩ።

«ይቺ የምትስቀዋ ማን ናት?» አለች ራሕማ።

ዱኒያ ወደ ፊት ወጣች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ራሕማ አየቻት። ስልኩን አልመለሰችላትም። ዘግይተው የገቡ ነበሩና፣ ለእነሱ ከመጀመሪያው ደገመችው።