የታደሰው ሰፈርና አያ ቢያድግልኝ

በሰፈሩ ላይ የተሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ ታድሶ በወጣ ዕለት ጠዋት፣ አያ ቢያድግልኝ ከእንቅልፉ ሲነቃ የቤቱ በር አልነበረም። በሩ በነበረበት ቦታ ግድግዳ ነበር። ግድግዳው አዲስ አይደለም፤ ምርጊቱ የተሰነጣጠቀ፣ ጥጉን ሸረሪት ያደራበት፣ ከድሮም እዚያው የኖረ የሚመስል ግድግዳ ነው። አያ ቢያድግልኝ በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ ጫማውን አንጠልጥሎ በመስኮት ወጣና ውጭ ተጫማው።

ግቢው ውስጥ ፈረሱም ጋሪውም የሉም። አያ ቢያድግልኝ ዕድሜውን ሙሉ በቡሬ ከተማ ጋሪ የነዳ ሰው ነው። ፈረሱ ዳማው ይባላል፤ ጌታው ሳይጭነው ከበረት ወጥቶ አያውቅም። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ኮቴው ጭቃው ላይ በደንብ ይታያል። አያ ቢያድግልኝ ኮቴውን ተከትሎ ሄደ። ትንሽ እንደተራመደ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየ። የፈረሱ ዱካ አለ፤ የእሱ የለም። ጫማው እንዳልቆሸሸ አይቶ መንገዱን ቀጠለ።

ጎረቤቱ ጠጄ ደጇ ላይ በርበሬ ታሰጣ ነበር።

«እንደምን አደርሽ ጠጄ?»

ጠጄ ቀና አላለችም። «አያ፣ ለሞተ ሰው ሰላምታ አልመልስም። ነውር ነው።»

«ማን ሞተ?»

«አንተ ነሃ! ጥሩምባው ተነፍቶ የለም እንዴ?»

«እኔ አልሰማሁም።»

«አይሰማህም። የገዛ ራሱን ጥሩምባ ሰምቶ የሚያውቅ ማን አለ?»

አያ ቢያድግልኝ ጥቂት አሰበ። ነገሩ እውነት ነው። «ታዲያ አሁን ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አላት።

«ከማንም። በርበሬዬን እያሰጣሁ ነው» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። ዓይኗ ግን ቀልቷል። በበርበሬው ይሁን በሌላ አይታወቅም።

የፈረሱ ዱካ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወሰደው። ባለፈው ክረምት የፈረሰው የድንጋይ አጥር ቆሟል። የተሸረፈው የድልድይ ጠርዝ ሞልቷል። ሰፈሩ በሙሉ እንደታጠበ ልብስ ሆኗል፤ ቀለሙ ጎልቶ ወጥቷል። ሰዎች አጥሩን እያዩ ያልፋሉ እንጂ ማንም ምንም አላለም። የፈረሰ ነገር ቆሞ ሲገኝ ማን ክስ ያቀርባል?

ዳማው ጋሪውን እንደጎተተ አንድ መቃብር አጠገብ ቆሟል። ልጓሙ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። መቃብሩ በተወለወለ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ዙሪያውን ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ከበውታል። አንዳንዶቹ ፊታቸው ፀሐይ የላጠው ነጮች ናቸው። እያንዳንዱ በተራው ይንበረከክና በተሰባበረ አማርኛ «ውጡ፣ እንሂድ» ይላል። ከዚያ አልቅሶ ይነሳል። «ውጡ፣ እንሂድ» አያ ቢያድግልኝ ተሳፋሪ ሲጭን የሚላት ቃል ናት።

«ዳማው» አለ አያ ቢያድግልኝ።

ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም። አያ ቢያድግልኝ አንገቱን ዳበሰው። ዳማው ዝንብ እንዳረፈበት ሁሉ ቆዳውን አርገፈገፈ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ሙሉሰው ለቀብሩ ሥርዓት መጥቶ በዚያ ቆሞ ነበር። ሁለቱ አብረው ያደጉ ናቸው። አያ ቢያድግልኝ ፊደል ስላልቆጠረ ድንጋዩን አሳየው።

«ምን ይላል?»

አቶ ሙሉሰው መነጽሩን አድርጎ አነበበ። «‹ቢያድግልኝ፣ ጋሪ ነጂው። ትናንት ተሳፍሮ ሄደ።› ጥሩ ተጽፏል። እኔ ስሞት እንዲህ ያለ ማን ይጽፍልኛል?»

«እኔ እኮ እዚህ ነኝ ሙሉሰው።»

«አየሁህ እንጂ። አላየሁህም አልልም፣ ምን በወጣኝ! ግን ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። ይኸ ሁሉ ሕዝብ ከባሕር ማዶ መጥቶ ‹የለም፣ ተመለሱ› እንዴት እላለሁ?»

«መቼ ነው የሚያበቃው?»

«ሠልስት ዛሬ ነው።»

«ዛሬ? ጥሩምባው ዛሬ ጠዋት አይደል እንዴ የተነፋው?»

«በታደሰው ሰፈር እንዲህ ነው። ቀኑ ይቸኩላል» አለ አቶ ሙሉሰው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ድንኳኑ ከተነሳ ወዲያ አላይህም ቢያድግልኝ። ሥርዓቱ ነው። ማንም አያይህም። የምትለው ነገር ካለህ ከዚያ በፊት በል። ልጅቱ ድንኳን ውስጥ አለች።»

ልጅቱ ሶስና ናት። ሶስና በአያ ቢያድግልኝ ግቢ ክፍል ተከራይታ በነበረችበት ዘመን፣ ብቻዋን የኮምፒውተር ጨዋታ ሠርታ ነበር። የሠራችው ሰፈሩን ነው። በጨዋታው ውስጥ ቤቶች ከሰዓት በኋላ ወንዝ ወርደው ውኃ ይጠጣሉ። ገበያ ውስጥ ሴቶች የጠፋ ዕድሜ በጣሳ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። የሚጫወተው ሰው የሰፈሩ ነዋሪ ይሆንና በአያ ቢያድግልኝ ጋሪ ተሳፍሮ ወደ ትናንት ይሄዳል። የአያ ቢያድግልኝን ድምፅ የቀዳችው ራሱ ጋሪው ላይ ተቀምጣ ነው። ጨዋታውን ያወቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ያወቁት ግን ሊለቁት አልቻሉም። በየአገሩ ሆነው ስለ ጋሪው ይጻጻፉ ነበር፤ ልጁን ዳማው ብሎ የሰየመም አለ። ኋላ ኮምፒውተሮቹ ሲለወጡ ጨዋታው አልከፈት አለ። ሶስናም አዲስ አበባ ሄደች። አሁን አንድ ድርጅት ከእሷ ጋር ሆኖ አድሶ አወጣው።

ሰፈሩ ከጨዋታው አልተቀዳም፤ ጨዋታው ነው ከሰፈሩ የተቀዳው። ሲታደስ ግን ቅጂው ከዋናው በለጠ። ዋናው ደግሞ የበለጠውን መከተል ጀመረ።

ሶስና ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ አልሞትኩም» አላት አያ ቢያድግልኝ።

ሶስና ቀና ብላ አየችው። አልደነገጠችም። ተነሥታ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ለሬሳ እንዲህ እንደማይደረግ ትዝ ሲላት ተመልሳ ተቀመጠች።

«አሁን አየሁዎት አያ። ግን እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ።»

«ሞተ ብሎ ማን ነገረሽ?»

«አምና ከሰፈር ደወሉልኝ። ‹የአያ ቢያድግልኝ ተዝካር ተበላ› አሉኝ። ተዝካር የሚበላው ለማን ነው?»

«የቁም ተዝካር ነበር እኮ።»

«የቁም ነው አላሉኝም። ጠላው ጥሩ እንደነበር ብቻ ነው የነገሩኝ።»

አያ ቢያድግልኝ ጠላውን አስታወሰ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ልጅ ስላልነበረው፣ ስሞት ማን ያበላልኛል ብሎ በቁሙ ተዝካሩን አውጥቶ ነበር። ወይፈን አረደ፤ ጠላ አስጠመቀ። ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ «ነፍስ ይማር» እያለ ሲወጣ፣ እሱ ራሱ በር ላይ ቆሞ «አሜን» ይል ነበር። ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር። ጠጄ እንኳ «አያ፣ ከዚህ ወዲያ ብትሞትም ባትሞትም ግድ የለም» ብላ አስቃው ነበር።

«ክብር ነው ያሰብኩት» አለች ሶስና። «ሌላ ሰው በጋሪዎ ላይ ከማስቀምጥ ብዬ ከጨዋታው አነሣሁዎትና መቃብር ሠራሁ። ከጨዋታው ሁሉ እሱ ላይ ነው የደከምኩት።»

«መልሺኝ እንግዲያ።»

ሶስና ስልኳን አውጥታ ወደ ድርጅቱ ደወለች። ብዙ ሰማች፤ ጥቂት ተናገረች። ስትጨርስ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አይሆንም አሉ። ተጫዋቹ ሁሉ የሚያወራው ስለ መቃብሩ ነው። መቃብሩን የነካ ጨዋታውን ገደለ አሉ።»

«እኔ እዚህ ቆሜያለሁ አላልሻቸውም?»

«አልኳቸው። እሱ አንድ ነው፣ የሚያለቅሱት ግን ብዙ ናቸው አሉኝ።»

ከውጭ አቶ ሙሉሰው የድንኳኑን ካስማ ሲነቅል ተሰማ። የእድሩ ሰዎች ሥራቸውን በሥርዓት ነው የሚሠሩት፤ ከኋላ በኩል ጀምረዋል። አያ ቢያድግልኝ እጁን አየ። የአግዳሚው እንጨት በመዳፉ ውስጥ አልፎ ይታያል።

«ሶስና ልጄ» አላት። «እኔ ብዙ አልፈልግም። ፈረሱም ይቅር። ጠዋት ስወጣ ሰው ‹እንደምን አደርክ› እንዲለኝ ነው። ሌላ ምን አለኝ?»

ሶስና ኮምፒውተሯን ከፈተች። ጣቷ ቶሎ ቶሎ ይሄድ ነበር። ድንኳኑ በአንድ ጎኑ ዘመም አለ፤ የንፍሮው ጎላ ወጣ።

«አንድ ቦታ አለ» አለች በመጨረሻ። «ገበያው መግቢያ ላይ የሚቆም ሰው። ስም የለውም። ድሮ ጊዜ አጥሮኝ ጀርባውን ብቻ ሠርቼ የተውኩት ነው። ሲያድሱትም እንዳለ ትተውታል።»

«ፊት የለውም?»

«ተጫዋቹ በዚያ በኩል አያልፍም ነበር። ፊቱን የሚያይ ሰው ስለሌለ አልሠራሁለትም።»

«ሰው ሰላም ይለዋል?»

«የሚያልፍ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላም ይለዋል።»

«እሱስ ይመልሳል?»

«‹እግዚአብሔር ይመስገን› ይላል። ያቺ ቃል ብቻ ናት ያለችው። ድምፁ የእርስዎ ነው፤ ያኔ ከጋሪው ላይ የቀዳሁት።»

አያ ቢያድግልኝ የሚመርጥ ሰው ሆኖ አያውቅም። ጋሪው የአባቱ ነበር፤ ሚስቱንም አጎቱ ነው ያመጣለት። አሁን ግን ጥቂት ቆየ። የድንኳኑ ሸራ ራሱ ላይ ሲወርድ በሸራው ውስጥ የሚገባው ብርሃን ቢጫ ሆነ።

«ፊቱን ኋላ ትሠሪልኛለሽ?»

«ከፈቀዱልኝ» አለች ሶስና።

«አስገቢኝ።»

አቶ ሙሉሰው የመጨረሻውን ካስማ ነቀለ። ሸራው መሬት ላይ ሲነጠፍ ከሥሩ ሶስና ብቻ ብድግ አለች።

በማግስቱ ጠጄ በርበሬዋን ተሸክማ ወደ ገበያ ወረደች። መግቢያው ላይ አሮጌ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ካፖርቱ ትከሻው ላይ በሌላ ቀለም ክር የተጠቀመ ቀዳዳ አለው። የአያ ቢያድግልኝ ካፖርት ነው፤ የጠቀመችው እሷ ናት።

«እንደምን አደርክ?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ጠጄ ጆንያዋን መሬት ጣለች። «አያ? ውይ በሞትኩት! አንተው ነህ? እኔ እኮ ትናንት ዘጋሁህ፤ ሥርዓት ነው ብዬ እንጂ...»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዞር በላ ታዲያ፤ ተቀየምክ እንዴ?»

ሰውየው ዞር አላለም። ጠጄ ሳቅ እያለች ራሷ ወደ ፊቱ ዞረች። ያው ካፖርት፣ ያው የተጠቀመ ትከሻ። የመጣሁበትን ረስቼ ይሆናል ብላ በሌላው ጎን ዞረች። ጀርባው ነበር። እንደገና ዞረች። ሳቋ አልቆመም፤ ግን ቀጠነ። ወደ ገበያ የሚገባው ሰው ሁሉ እያለፈ «እንደምን አደርክ» ይለዋል፤ እሱም ለሁሉም ይመልሳል።

አያ ቢያድግልኝ ዙሪያውን የሚዞረውን እግር ይሰማል። ጠጄ እንደሆነች ያውቃል። ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ያው ቃል ነው። ስለዚህ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ እሷ ዞረ። መዞሩ ተሰማው፤ አንገቱም፣ ወገቡም፣ እግሩም ዞሯል። ዓይኑን አነሣና አየ። ከፊቱ፣ ትንፋሹ በሚደርስበት ቅርበት፣ ትከሻው የተጠቀመ ያንኑ የእሱን ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ቆሟል፤ ከዚያ ሰው ማዶ ደግሞ ሌላ አለ፣ እንደዚያው የቆመ።