«አሁን» እስክትል

ባልና ሚስቱ በሁለት ቃል ነበር የሚኖሩት። አንዱ «አሁን» ነው፤ ሌላው «በቃ»። ሁለቱንም የምትናገረው ሚስትየዋ ስትሆን የባልየው ድርሻ መስማት ነበር። በሰፈሩ ቀኑን ሙሉ እየተነታረኩ ከዚህ ያነሰ የሚግባቡ ባለትዳሮች ስለነበሩ ማንም አልገረመውም።

ባልየው መዳብ ቀጥቃጭ ነው። ከጓሮ ያለችውን፣ ድሮ ዕቃ ቤት የነበረችውን ክፍል የአረቄ ማውጫ አድርጓታል። መሐሏ ላይ የመዳብ ድስቱ ተጎልቷል፤ ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ቀጭን፣ ከታች እስከ ላይ በገዛ መዶሻው የቀጠቀጠው። ከአንገቱ የሚነሳው ቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ እየተጠማዘዘ ያልፍና ከግርጌ ብቅ ይላል። ጥንስሱ ሲፈላ እንፋሎቱ በዚያ መንገድ ሄዶ፣ ቀዝቅዞ፣ ጠብ ጠብ ይላል። መገጣጠሚያው እንዳይተነፍስ በሊጥ ይመረጋል። እስከዚህ ድረስ ያለው የባል ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የአፍንጫ ሥራ ነው። በመጀመሪያ የሚወርደው፣ እነሱ «ፊቱ» የሚሉት፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት መርዝ ነው፤ በባልዲ ይጠራቀምና መስኮት ይወለወልበታል። መጨረሻ የሚመጣው «ጭራው» የራሰ ካርቶን ይሸታል። የሚጠጣው መሐሉ ብቻ ነው። ፊቱ አልቆ መሐሉ ሲጀምር ለማወቅ ሚስትየዋ ጣቷን ከጠብታው ሥር ትዘረጋለች፤ መዳፏ ላይ ታሸዋለች፤ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና «አሁን» ትላለች። እሱ ባልዲውን አንስቶ ደምበጃኑን፣ ሆደ ሰፊውን ትልቅ ጠርሙስ፣ ይተካል። ጭራው ሲመጣ «በቃ» ትላለች። ያነሳል።

ጎረቤት «እትዬ አፍንጫ» ነው የሚላት። ፀጉር አስተካካዩ ሲጋራ እርም ብያለሁ ብሎ ሚስቱ ፊት ሲምል «ከትናንት ጀምሮ ነው ወይስ ከምሳ በኋላ?» ብላ የጠየቀችው እሷ ነች። ሰውየው ለሳምንት ያህል በሌላኛው መንገድ ነበር ወደ ቤቱ የሚሄደው።

ወደ ሁለት ቃል የወረዱት ልጃቸውን በዳሩበት ቀን ነው። የሙሽራው አጎት መለኪያውን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ «ኧረ የዚህ ምስጢሩ ምንድን ነው?» አለ። ቀጥቃጩ ራሱ ከሠራው ነገር ትንሽ ቀማምሶ ነበርና ደረቱን ነፋ። «መዳቡ ነዋ! አፍንጫማ የሌለው ማን አለ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እንግዳው ሲበተን ሳህኖቹን አጥባ ደረደረች፤ ከዚያ ወዲህ ከሥራ ቃል በቀር አላወጣችም። እሱ ይቅርታ ሊጠይቃት አስቧል። ማሰቡን አንድም ቀን አቋርጦ አያውቅም።

ካቻምና፣ ሚስትየዋን ከያዛት አንድ ከባድ ጉንፋን በኋላ፣ ወተት ምድጃ ላይ አረረ። እሷ እዚያው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሸሚዝ ትጠቅማለች። እሱ ከግቢው ማዶ ሸትቶት ሮጦ ሲገባ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ወተቱን አየችው። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ድስቱን አንስታ መፈግፈግ ጀመረች።

በዚያው ሳምንት አረቄ ሲያወጡ «አሁን» ስትል ጠረኑ ዓይኑን ከአፍንጫው በፊት አቃጠለው። ገና ፊቱ ነው፤ ያውም የፊቱ ፊት። ቀና ሲል ደግሞ አይቶት የማያውቀውን ነገር አየ፦ ከመናገሯ በፊት የእጇን ጀርባ ቧንቧው ላይ ታሳርፋለች። በሙቀቱ ነው የምትገምተው። ማሽተቱን እንዲሁ ለወጉ ነው የምታደርገው።

ሊናገር አፉን ከፈተ። ምን ብሎ? አፍንጫሽ ሄዷል? ያን ዕለት በሠርጉ «የሌለው ማን አለ» ያለውን አፍንጫ? እሷም እንዲያ ብሎ ከሚረታት ብትሞት ትመርጣለች፤ ይህን ያህልማ ያውቃታል። ከነገራት ደግሞ ከዚያች ክፍል ወጥታ አትመለስም፤ «አሁን» እና «በቃ»ም አብረዋት ይወጣሉ። ድሃ ያለችውን ሁለት ሳንቲም ለማንም አያሳይም። አፉን ዘጋ።

በማግስቱ ወደ መዶሻው ሄደ። በደምበጃኑ አፍ ላይ የሚሰካ የመዳብ ኢምቡቶ ሠራ። ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም ኢምቡቶ ነው። ሆዱ ግን ሁለት ነው፤ በሁለቱ መካከል በትንሽ ጣት የምትገፋ የመዳብ ምላስ አለች። ምላሷ ወደ ግራ ከተገፋች የሚወርደው ሁሉ በስውር ቱቦ ከአግዳሚው ኋላ ወዳለ ጣሳ ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ሲሆን ደምበጃኑ ይገባል። ሚስቱ «አሁን» ስትል ወዲያው ይታዘዝና ደምበጃኑን ይተካል፤ ትንሿን ጣቱን ግን በመዳቧ ምላስ ላይ አኑሮ መሐሉ በእርግጥ እስኪመጣ ይጠብቃል። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ይህን ያህል ያማረ አልነበረም። ለማንም ማሳየት አይችልም እንጂ።

የቀረው ችግር አንድ ነበር፤ እሱ ፊቱን ከመሐሉ ለይቶ ማሽተት አያውቅም።

«ጋሼ፣» አለው ፀጉር አስተካካዩ አንድ ጠዋት፣ ግንባሩን በእርጥብ ፎጣ አስሮ፣ «ያ የሰጡኝ ነገር ምንድን ነው? ዛሬ የደንበኛዬ ጆሮ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ።»

«ሰው ስንት ጆሮ ያለው መስሎህ ነበር?»

«በአንድ ወገን ነው የምልዎ!»

«በዛብህ ማለት ነው።»

«ሁለት መለኪያ! እትዬ እያሉ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

«ቀስ በል፤» አለ ቀጥቃጩ ዞሮ ወደ በሩ እያየ። ገንዘቡን መለሰለት፤ ይህም በራሱ ሰውየውን ከራስ ምታቱ በላይ አስደነገጠው።

ከዚያ በኋላ ተማረ። ሚስቱ ሱቅ ስትወጣ የባልዲውን፣ የጣሳውንና የደምበጃኑን እያፈራረቀ አፍንጫው እስኪደማ አሸተተ። ፊቱ ከመሐሉ የሚለይበት ነገር እንደ ክር የቀጠነ መሆኑን ሲደርስበት፣ ሚስቱ ያን ክር ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ጊዜ ሳትስተው እንደኖረች ገባው። እጅም የሌለው ሰው የለም፤ ሁሉም ግን ቀጥቃጭ አይደለም። ይህን ሊነግራት ፈለገ። ይህን ከነገራት ደግሞ እንዴት እንዳወቀውም መንገር ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ይህንንም አሰበው።

አረቄው ተመለሰ። እንዲያውም ሰው አወደሰው። ፀጉር አስተካካዩ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «እትዬ፣ አፍንጫዎ ይባረክ!» አላት። እሷ ባሏን ገልመጥ አድርጋ አየችው። ወተቱ ያረረባት ሴት አረቄዋ እንዴት እንዳማረ አልጠየቀችም፤ አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ያን ዕለት ማታ ግን ከበሩ ሲወጣ «ብርድ ነው፤ ደርብ» አለችው። መቃኑን ይዞ ቆመ። ሁለት ቃል ብቻ ይናገር የነበረ ቤት እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲበለጽግ ምን ይባላል? ካፖርቱን ደረበ፤ ከላዩም ሌላ ደረበ።

ከዚያ ወዲያ አልፎ አልፎ ታናግረው ጀመር። «ጨው ጨምር።» «ያ ውሻ ዛሬም መጣ?» እሱ «ያስታረቀን ኢምቡቶው ነው» ብሎ በልቡ በየሳምንቱ በሎሚና በአመድ ይወለውለው ነበር።

በዚህ ዓመት ነገሩ ተበላሸ። የጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ ታጠልቅ ጀመር። በማያስቀው ትስቃለች። የልጇን ስም ትታ «ያቺ ልጅ» ትላለች። አንድ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ወደቀች፤ ልጃቸው መጥታ ሆስፒታል ወሰደቻት።

ሐኪሙ የጭንቅላቷን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቀለው። ከግንባሯ ኋላ ብርቱካን የሚያህል ነጭ ነገር ተቀምጧል።

«እንዲህ ያለው ዕጢ ዝግ ብሎ የሚያድግ ነው፤» አለ ሐኪሙ። «የተቀመጠው ከአፍንጫ ነርቭ በላይ ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ማሽተትን ነው የሚወስደው። ማሽተት አቁመው አልነበረም?»

ልጅቱ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «እሷ? ዶክተር፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው በእሷ አፍንጫ እኮ ነው! እስካለፈው ወር ድረስ አረቄዋ እንከን አልነበረውም። አባባን ይጠይቁት።»

ሐኪሙ ወደ እሱ ዞረ። ቀጥቃጩ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል።

«ካቻምና ብናመጣት ኖሮስ?» አለ።

«ካቻምና? ያኔ ትንሽ ነበር። ይወጣ ነበር።»

«ዛሬስ?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ወደ ኪሱ፣ ከኪሱ ወደ ጠረጴዛው አዛወረ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሱ ግን የራሱን አይደለም የደበቀው፤ የሚስቱን ነው። ለዚህኛው ተረት አልተተረተም።

ለልጁ የነገራት እዚያው ኮሪደር ላይ ነው። «ማሽተት ካቆመች ቆይታለች፤» አላት።

«ማን?»

«እናትሽ።»

«ታዲያ አረቄውን ማን ነበር የሚለየው?»

ትንሿን ጣቱን አነሳ። አልገባትም። ቤት ሲደርሱ ኢምቡቶውን እጇ ላይ አኖረላት። የመዳቧን ምላስ ወደ ግራ ገፋቻት፤ ወደ ቀኝ ገፋቻት፤ ከዚያ ምድር ላይ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ለምን አልነገርካትም?»

«ልነግራት ነበር።»

እናትየዋን ወደ ቤት መለሷት። ሆስፒታሉ የሚሠራላት ነገር አልነበረውም። ቀኑን በሙሉ መስኮቱን ታያለች፤ ብርድ ልብሱን ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ሰውም፣ ቃልም ከእሷ ሄዷል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቀጥቃጩ የመጨረሻውን ጥንስስ ድስቱ ውስጥ ገለበጠና ሊጡን መረገ። ሚስቱን ደግፎ አምጥቶ በለመደችው በርጩማ ላይ፣ ከቧንቧው አጠገብ አስቀመጣት፤ ወደ ኋላ እንዳትወድቅ ትራስ ደገፈላት። ባለ ምላሱን ኢምቡቶ በመዳብ መቀሱ ሁለት ቦታ ቆርጦ ከቁርጥራጭ መዳቡ ጋር ወረወረው። በደምበጃኑ አፍ ላይ ተራውን ኢምቡቶ ሰካ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማለች።

ጠብታው ጀመረ። ፊቱ ባልዲው ውስጥ ወረደ፤ እንደ ወትሮው ዓይን አቃጠለ። ከዚያ ክሩ ተበጠሰ፤ የክፍሉ ጠረን ተለወጠ። መሐሉ መጣ፤ በዕድሜው እንዲህ የጠራ ሸትቶት አያውቅም። አሁን አፍንጫ አለው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሚስቱን ያያል። ሚስቱ ጠብታውን ታያለች።

«አልደረሰም፣ አይደል?» አላት።

መሐሉ ባልዲው ውስጥ ይወርዳል።

«አባባ፤» አለች ልጅቱ፣ «መሐሉ እየሄደ ነው። እኔን እንኳ ሸተተኝ።»

«አፍንጫማ የሌለው ማን አለ፤» አለ። «እናትሽ አላለችም።»

መሐሉ ወርዶ አለቀ። ውሃ ውሃ ይል ጀመር። የራሰ ካርቶን ጠረን ክፍሉን ሞላው። ያን ጊዜ ሚስትየዋ ማንም ሳይነካት እጇን ዘረጋች። ጣቷን ከጠብታው ሥር ያዘች፤ መዳፏ ላይ አሸችው፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ቆየች።

«አሁን፤» አለች።

ዘሎ ተነሳ። ባልዲውን አንስቶ ደምበጃኑን ተካ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ መሬት አልነካችም። ጭራው ደምበጃኑ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ። ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠና ሌላኛውን ቃል መጠበቅ ጀመረ።

እሳቱ ወደ ፍም፣ ፍሙ ወደ አመድ ሄደ። ጠብታው እየራቀ፣ እየራቀ መጣ። ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ ዘንበል ብሏል፤ መዳፏ እንደተከፈተ ነው።

«በቃ» አላለችም። እሱም ደምበጃኑን አላነሳም።