በጊታር ብቻ ግራኝ

ሰባት ጊታር በእጄ ገብቶ ሰባቱም ወጥቷል። አንዱ አንገቱ ጫፍ ላይ ደህና ሲዘምር ይቆይና ጣቶቼ ወደ ሆዱ ሲጠጉ ድምፁ ይጣመማል። ሌላው ክሩ ከቦታው እየሾለከ ያናድደኛል። ሦስተኛውን ተናድጄ ለክሊኒኩ ዘበኛ ሰጠሁት፤ እሱ ክሮቹን ፈትቶ እንደገና አሰረና በሳምንቱ በር ላይ ሲጫወትበት እንዲያው ልብ የሚሰርቅ ድምፅ አወጣ፤ ቆሽቴ አረረ። ቤተሰቡ "የጊታር ደላላ" የሚል ስም አወጣልኝ። እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ቀዳዳ ከሰው አፍ ውስጥ ፈልጌ አወጣለሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ሊሆን እንደሚችል ለአፍታም አልጠረጠርኩም።

ጊታር የተማርኩት ከአጎቴ ነው። አጎቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። እናቴ ሥራ ስለምትውል ከትምህርት ቤት መልስ የምቀመጠው እሱ ሱቅ፣ ደንበኞች ወረፋ በሚጠብቁባት አግዳሚ ላይ ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ጊታሩን ከኮት መስቀያው ያወርድና፣ ደንበኞቹን በሚያስቀምጥበት ወንበር ላይ ራሱ ተመቻችቶ፣ ፊቱን ወደ ትልቁ መስታወት አዙሮ አንዲት አጭር ዜማ ይጫወታል። ሁልጊዜ ያችኑ። ስም የላትም። ደጃፍ ላይ ኮቴ ሲሰማ ስለሚያቋርጣት መጨረሻዋንም ሰምተን አናውቅም። እኔ ከጀርባው ሆኜ፣ ጣቶቹን ከመስታወቱ ውስጥ እያየሁ፣ በመጥረጊያው እንጨት እለማመድ ነበር።

ጊታሩን መጀመሪያ ያቀበለኝ ቀን አንገቱን ወደ ቀኜ አዙሬ ታቀፍኩት። አጎቴ አየኝና "ይቺ ልጅ ግራኝ ናት" አለ። የምጽፈው በቀኜ፣ የምጎርሰው በቀኜ፣ ወንድሜን የምማታውም በቀኜ ነው። "እንግዲያው በጊታር ብቻ ግራኝ ናት" ተባለና ነገሩ በዚያው ጸደቀ። ለልደቴ ጊታር ሲገዛልኝ ክሮቹን ከላይ ወደ ታች ገልብጦ አሰረልኝ። ከዚያ በኋላ የገዛሁትንም ሁሉ እንዲሁ እያስገለበጥኩ ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት የአጎቴ ጉልበት መቆም አልችልም አለው፤ ሱቁን ዘጋ። ትልቁ መስታወት የቤቱ አከራይ ስለነበር እዚያው ግድግዳው ላይ ቀረ። ከሁለት ወር በኋላ ሚስቱ፣ አክስቴ የምላት፣ ክሊኒክ ድረስ መጣች። ጥርሷን አሟት መስሎኝ ወንበሩን ዘረጋሁላት።

"ጥርሴ ደህና ነው" አለች ቦርሳዋን እንደታቀፈች። "አጎትሽ ነው ያልሆነው። አበቦቼን ይቆርጣል።"

"የትኞቹን?"

"በረንዳ ላይ ያሉትን። ሁሉንም ከጆሮ በላይ አሳጥሯቸዋል። ጎን ጎናቸውን በማሽን ሊያነሳ ሲል ነው የደረስኩበት።"

ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

"እሱስ ይሁን፣ አበባ ይበቅላል። ጊታሩን ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን አልነካውም፣ ልጄ። ግድግዳ ሲያይ ይውላል። መስታወት የለመደ ሰው ነው ብዬ ከቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት አስቀመጥኩት። 'ይሄ በፒጃማ የተቀመጠ ሽማግሌ ማነው?' ብሎኝ ተነሳ። እንዲህ ዝም ብሎ ከቀረብኝ ምን ይውጠኛል?"

አንጀቴን በላችው። አጎቴ ዝም ሲል መገመት ራሱ ከበደኝ፤ ያ ሰው የደንበኛ ጆሮ ሲቆርጥ እንኳ እያወራ ነበር። "እሁድ እመጣለሁ" አልኳት። "አብረን እንጫወታለን።" አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት፤ ጊታር እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ እሷ ከወጣች በኋላ ነው። ሰባተኛውን ከሸጥኩ ገና አሥር ቀኔ ነበር።

ጊታር ሠሪው ከክሊኒኬ ሁለት መንገድ አልፎ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ይሠራል። ምን ቢጠይቁት መልሱ "ቆይ" ስለሆነ የሰፈሩ ሰው "ቆይ" ይለዋል። ከጣሪያው የጊታር አንገቶች ተንጠልጥለዋል፤ ወለሉ መላጊያው ባወጣው ቅርፊት ተሸፍኗል፤ ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። የሰባቱን ጊታሮች ጥፋት አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት፤ እሁድ ከአጎቴ ጋር እንደምጫወትም ነገርኩት። መላጊያውን ሳያስቀምጥ አዳመጠኝ።

"ክሩን እያስገለበጥሽ ነበር?"

"አዎ፣ ግራኝ ነኝ። በጊታር ብቻ።"

"ቆይ" አለና የአንዱን ጊታር ሆድ አሳየኝ። ክሮቹ የሚያርፉበት ነጭ አጥንት ትንሽ ዘመም ብሎ ነው የተተከለው። "ይቺ ዘመም ያለችው ወፍራሙ ክር ረዘም፣ ቀጭኑ አጠር እንዲል ነው። ክሩን ስትገለብጪው ቀጭኑ ይረዝማል፣ ወፍራሙ ያጥራል። ታዲያ እንዴት ይቃኝልሽ? ጊታሮቹ ምንም አላጠፉም፣ እህቴ። በከንቱ ስማቸውን አጥፍተሻል።"

አንገቴን ደፋሁ። ዘበኛው ክሮቹን ለምን ፈትቶ እንዳሰራቸው ያኔ ገባኝ። ቀና ስል በሌላው እጁ የያዘውን ጨርቅ ድንገት ወረወረልኝ። ቀለብኩት።

"በቀኝሽ ቀለብሽው" አለ።

"እንግዲህ ጨርቅ ነዋ፣ ጊታር አይደለም።"

ከመደርደሪያው ግርጌ ጠቅልሎ ያስቀመጠውን አንድ ጊታር አወጣ። ከሥሩ ጀምሮ ለግራኝ የተሠራ ነው፤ ያዘዘው ሰው ከተማ ቀይሮ ሄዶ ቀርቷል። ጌጥ የሚባል የለውም። መጠኑ አነስ ይላል፤ ቀለሙ የሻይ ነው፤ ሆዱ ላይ አንዲት የእንጨት ዓይን አለችበት፣ ጉንጭ ላይ እንዳለች ማሪያም ሳመችኝ። ሥራ ሥራ ነውና በጣቴ አንኳኳሁት፤ ከዚያ የአፍ መስታወቴን ከኪሴ አውጥቼ በቀዳዳው አስገባሁና ውስጡን መረመርኩ። የውስጥ ድጋፎቹ ላይ የሙጫ ትርፍ አንድ ጠብታ የለም። እንደዚህ ንጹህ አፍ በዓመት አንድ ቢገጥመኝ ነው።

ቆይ በግርምት አየኝ። "በዚያች መስታወት ሁሉ ነገር ተገልብጦ አይታይሽም? እንዴት ነው እጅሽ የማይሳሳተው?"

"ተማሪ ሆነን ሌሎቹን ያስለቀሳቸው እሱ ነበር" አልኩ ኮራ ብዬ። "እኔን ምንም አልከበደኝም። ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ፤ ጊታር እንኳ የተማርኩት የአጎቴን ጣቶች በመስታወት እያየሁ..."

አፌ እንደተከፈተ ቀረ። በቀን ሃያ ሰው "ክፈት" የምል ሴት፣ የምዘጋበት ጠፋኝ።

ቆይ ነገሩ ሲገባው መላጊያውን አስቀመጠ፤ በዚያ ቀን ሲያስቀምጠው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ቅርፊቱ ላይ ቁጢጥ ብሎ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሲበርድለት ግን ቁም ነገር ተናገረ። "ገና አላረጀሽም። በቀኝ እንደ አዲስ ብትጀምሪ በዓመት ትለምጂዋለሽ። በየሱቁ ያለው ጊታር ሁሉ የአንቺ ይሆናል። የአጎትሽም ጭምር።"

ምክሩ ትክክል ነበር፤ ያበሸቀኝም እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት በስህተት የኖርኩ ጅል ሆኜ ተሰማኝ። እያጉረመረምኩ ጊታሩን ታቀፍኩና የአጎቴን ዜማ ጀመርኩ። ከአንገቱ ጫፍ እስከ ሆዱ ድረስ አንድም ክር አልከዳኝም። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ነፍሴ ወደደችው። ግን ነፍሴ ሰባቱንም በመጀመሪያው ቀን ወድዳቸው ነበርና አላመንኳትም።

"ሳምንት ይዘሽው ሂጂ" አለ ቆይ። "ከዚያ ወይ ትከፍያለሽ፣ ወይ ትመልሺና በቀኝ እንጀምራለን።"

እሁድ ጊታሩን አዝዬ ስደርስ አጎቴ ሳሎን ተቀምጦ መቀሱን በዘይት ያሽ ነበር። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጠው ነገሩን አፈረጥኩት።

"አጎቴ፣ ግራኝ አይደለሁም። በመስታወት ስለተማርኩ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ጊታርሽ በተገዛ በሦስተኛው ወር ይመስለኛል። አንድ ቀን ከኋላዬ መጥረጊያውን ታቅፈሽ መስታወቱ ውስጥ አየሁሽ። ጉዱ ገባኝ።"

"እና ዝም ትላለህ?"

"ክር ገልብጬ ሰጥቼሻለሁ፣ ለሰው ሁሉ ግራኝ ናት ብዬ አውርቻለሁ። በምን አፌ ልመለስ? ደግሞ ደስ ብሎሽ ነበር። ደስ ያለውን ልጅ ማን ያርማል?"

ለመቆጣት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ጊታሩን ከግድግዳው አውርጄ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ያዘው፤ ግን ጣቶቹ ክሩ ላይ ሲያርፉ የት እንደሚሄዱ ጠፋቸው። ጎንበስ ብሎ እጁን አየው፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ። ሁለት ጊዜ ሞከረና ተወው።

"አርባ ዓመት እዚያ መስታወት ውስጥ ያለውን እጅ ነው ያየሁት" አለ ቀስ ብሎ። "ይሄኛውን አላውቀውም። ተይው በቃ።"

አክስቴ ከኩሽና በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። እኔው ልጫወትለት ወሰንኩ። ሶፋው ላይ ከጎኑ እንዳልቀመጥ ያልታጠፈ ልብስ ተቆልሎበታል፤ ስለዚህ በርጩማ ስቤ ጉልበቴ ጉልበቱን እስኪነካ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ያችን ዜማ ጀመርኩ።

መጀመሪያ አዳመጠኝ። ከዚያ ዓይኑ ከፊቴ ወርዶ ጣቶቼ ላይ ቀረ። የእኔ ጊታር አንገት በእሱ ጊታር አንገት ትይዩ ነበር፤ የእኔ ቀኝ ሲወጣ የእሱ ግራ ወጣ፣ የእኔ ሲወርድ የእሱም ወረደ። አንድ ክር ነካ፤ ቀጥሎ ሁለት። ዘገየ፣ ሳተ፣ ደረሰብኝ። ኩሽና ውስጥ የሚፈሰው ቧንቧ ተዘጋ። ዜማዋ ሁልጊዜ ኮቴ የሚያቋርጣት ቦታ ስንደርስ ሁለታችንም ልማድ ሆኖብን ወደ በሩ አየን። ማንም አልመጣም። ቀጥሎ ያለውን የማውቅ መስሎኝ ጣቶቼን ለማየት አቀረቀርኩ፤ የፊት ፀጉሬ ወርዶ ክሩ ላይ ተበተነ።

"ቀና በይ" አለ አጎቴ ዓይኑን ሳያነሳ። "እጄን ሸፈንሽብኝ።"

ቀና አልኩ። እሱም ጊታሩን አስቀመጠና መቀሱን አነሳ። "አይሆንም፣ እንዲህ አይሠራም" እያለ ግንባሬ ላይ የወደቀውን ፀጉር ሁሉ ቆረጠው፤ መነጽሩን ሳያደርግ። ከዚያ ዜማዋን ከመጀመሪያው ጀመርናት፤ መጨረሻዋንም እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጠን ፈጠርንላት።

ሰኞ ጠዋት ቆይ ሱቅ ስገባ ግንባሬን አይቶ መላጊያውን ሊያስቀምጥ ምንም አልቀረውም።

"በቀኝ እንጀምር?" አለኝ።

"አንጀምርም" አልኩና ሒሳቡን ከፈልኩ። ጊታሩ የት እንዳለ ሲጠይቀኝ አጎቴ ቤት፣ ከእሱ ጊታር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ እንደሰቀልኩት ነገርኩት።