ስፒከሩ እስኪፍታታ

ባሌ ወንዳፍራሽ ስፒከርና አምፕሊፋየር ገዛ። ይግዛ፤ ሠርቶ ያገኘው ነው። ግን ዕቃ ማለት ሰክተው የሚያዳምጡት አይደለም እንዴ? የእሱ አይደለም። አዲስ ስፒከር እስኪፍታታ ሁለት ወር ሳያቋርጥ ቀን ከሌት መጫወት አለበት አለ፤ አምፕሊፋየሩም ሙቀቱን እንዳያጣ አይጠፋም። እስከዚያ ድምፁ ቢሻክር አይፈረድበትም። ወይ ጉድ! ሳሎኔ ውስጥ ሰው በሌለበት ከበሮ ይደለቃል። እኔ ዶራቪል ካለው ሱቃችን ደክሞኝ ስገባ ጆሮዬን ይዤ ነው የማልፈው።

በዚህ መሀል እናቴ ከአዲስ አበባ ባሕር ተሻግራ እኛ ጋ መጣች። እዚያ መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል እየመጣ ፍሪጇንም ቴሌቪዥኗንም አቃጥሎባታል። ስለዚህ ከቤት ስትወጣ ያየችውን ሁሉ ከሶኬት ትነቅላለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ መኪና ውስጥ ሆነን ስንጠብቃት፣ ለካ የወንዳፍራሽን ማሽን እየነቀለችለት ነበር። እንዳይቃጠልበት አስባለት እኮ ነው።

ስንመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እኔማ እፎይ አልኩ። የእሱ ፊት ግን ተለዋወጠ። አልተሰበረ፣ መልሰህ ሰካው አልኩት። ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ፣ ከዜሮ ልጀምር ነው አለኝ። ቆይቶ ኩሽና ድረስ ተከትሎኝ መጣና፣ እናትሽ የእኛን ቤት ሊለምዱ አልቻሉም፣ ማሪዬታ ከተማ እህትሽ ማሂ ጋ ቢሄዱ ይሻላል አለ።

ደሜ ፈላ።

«ለስፒከርህ ሁለት ወር ሰጥተኸዋል፤ ቢሻክርም አልፈረድክበትም። እናቴ ግን ከመጣች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው» አልኩት።

ዞር ስንል እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። እኔን ትታ እሱን አየችው።

«ልጄ፣ እኔ አሮጊት ነኝ። እስክለምድ የምትጠብቀኝ ዕድሜ ከየት ይመጣል? ለማሂ ደውልላትና ትውሰደኝ» አለችው። ተቆጥታ ቢሆን በወደድኩ፤ ለስለስ አድርጋ ነው ያለችው።

ወንዳፍራሽ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሊደውል ነው ብዬ ክው አልኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ጉልበቷ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። ይቅር ይበሉኝ፣ የትም አይሄዱም ብሎ ለመናት። እሷም ተው ተነሥ ልጄ ብላ ይቅር አለችው።

ቀረች። ግን ከዚያ ወዲህ በገዛ ልጇ ቤት የመኝታ ክፍሏን መብራት ለማብራት እንኳ ታስፈቅዳለች። «ላብራው?» ትለዋለች ከበሩ ላይ ቆማ። ቤትዎ እኮ ነው እማማ ይላታል በየቀኑ፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት እያጣ።