የዋሽንቱ ሆድ

ሎኒ አገር ለቅቀሽ ውጪ ስትባል አላለቀሰችም። መሰርሰሪያሽን ትተሽ ውጪ ስትባል ግን እጇ ላይ የገባውን ሁሉ መወርወር ጀመረች። መጀመሪያ ማሰሮውን፣ ቀጥሎ የእንጨት ጫማዋን ወረወረች፤ ጫማው አልቆ ባሏን ዮርግን ራሱን አንስታ ልትወረውረው ምንም አልቀራት።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ ዮርግ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ። «አዋጁን ያወጣሁት እኔ ነኝ እንዴ?»

«ሰምተህ ዝም ብለህ መጣህ! ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም ብሎ ይመጣል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤርለንታል ሸለቆ ጌታ የገዳሙ አለቃ ናቸው። እሳቸውም የሉተርን መጽሐፍ ጣሪያ ሥር ደብቆ የሚያነብ ሁሉ ወይ ትቻለሁ ብሎ ይማል፣ ወይ በረዶው ሲቀልጥ አገሬን ይልቀቅ አሉ። ሎኒና ዮርግ አንምልም ካሉት ወገን ነበሩ። ይሁን፣ እግር አለን፣ እንሄዳለን ብለው ጋሪ ጠገኑ። የሸለቆው ሰው ግን የሚበላው ከእንጨት ነው፤ ሣጥን ይሠራል፣ አሻንጉሊት ይሠራል፣ ከሁሉም በላይ በየገበያው የሚፈለገውን ትንሿን ዋሽንት ይሠራል። ሹማምንቱ ቢያስቡት ለካ ከሰዎቹ ጋር ሙያውም ሊሄድ ነው! ስለዚህ ሁለተኛ አዋጅ መጣ፤ ሰው ይሂድ፣ የእጅ ሙያ መሣሪያ ግን ኬላውን አያልፍም፤ ሲያሳልፍ የተገኘ ወህኒ ይወርዳል።

አቤት ዓይን አውጣነት! ነፍሷን ሊወስዱ ሞክረው ቢያቅታቸው እጇን ሊቆርጡ ተነሡ።

መሰርሰሪያው የአባቷ የፋይት ነበር። ከክንድ የሚያንስ፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚሾጥጥ፣ በአንድ ጎኑ ስለት ያለው ብረት ነው። የፕሪም ዛፍ እንጨት በቶርኖ ላዩ ተልጎ ከተበሳ በኋላ ይህ ብረት ገብቶ የዋሽንቱን ሆድ ያወጣዋል። «ላዩ ልብስ ነው» ይል ነበር ፋይት። «ዋሽንት ማለት ሆዱ ነው።» ሆዱ በአንዲት ጭረት ሰፋ ካለ ታችኛው ድምፅ ይታነቃል፣ ጠበብ ካለ ላይኛው ይጮሃል። ፋይት ብረቱን እየሞረደ፣ እየነፋ፣ እያዳመጠ ዕድሜውን ጨርሶበታል። የሱ ዋሽንት ድምፅ ከሌላው ተለይቶ ገበያ መሐል ይታወቅ ነበር። ሲሞት ደግሞ ብረቱን ለወንድ ልጁ ለሊንሃርት ሳይሆን ለሎኒ ሰጣት፤ ጆሮው ያለው እሷ ጋ ነበርና። ብረቱ ከቀረ ሎኒ የሚሰደዱበት ከተማ ኑረምበርግ የምትደርሰው ባዶ እጇን ነው። አባቷም ያን ጊዜ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው።

ሊንሃርት ይህን ቂም እስካሁን አልዋጠውም። እሱ ምሏል፤ ይቀራል። መቅረቱስ ይሁን፣ ጭራሽ መሣሪያ ለይቶ የሚያሳይ ባለሙያ ተብሎ ለኬላው ሹም ረዳት ሆነለት! ሊወጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ መጣ።

«ብረቱን ስጪኝ፣ ሎኒ። እኔ ጋ ቢቀመጥ ምን አለበት? ከአባታችን ቤት አይወጣም።»

«አባታችን ቢፈልግ ላንተ ይሰጥህ ነበር።»

«ፍተሻው ላይ እኔ ነኝ የምቆመው። አውቃለሁ አንቺን፤ ትደብቂዋለሽ።»

«እኔ? እግዜርን የምፈራ ሴት?»

«ሎኒ፣ ይዘውሽ ወህኒ ቢወረውሩሽ ማን ይደርስልሻል?»

«የምለምነው አንተን እንዳይመስልህ። በል ውጣ፣ ቤቱን አበረድክብኝ።»

ሊንሃርት ወጣ። ሎኒም በሩን ዘግታ ብረቱን ከላባ ትራሷ ውስጥ ወሸቀችው። ዮርግ ግሩም ሐሳብ ነው አለ። በላባ የተሞላ ትራስ ማን ይፈትሻል? ትራሱን ልትሰፋ መርፌ ካነሳች በኋላ ግን እጇ አላርፍ አላት። መንገዱ ረጅም ነው፣ ዝናብ አለ፣ ብረቱ ቢዝግስ? እንኳን እሷ፣ በሸለቆው ያለ ዋሽንት ሠሪ ሁሉ ብረት ሳይቀባ አስቀምጦ እንቅልፍ አይወስደውም። ብረቱን መልሳ አወጣችው፤ የተልባ ዘይት እስኪንጠባጠብ ቀባችው፤ በጨርቅ ጠቀለለችና ሰፋችበት።

«በዛ» አለ ዮርግ።

«ዘይት በዝቶ የሞተ ብረት አታውቅም።»

በማግሥቱ ኬላው ላይ ጋሪዎች ተሰልፈዋል። በረዶው ረግረግ ሆኗል። ሹሙ ፕራንትል የበግ ለምድ ካፖርቱን ደርቦ ጭቃ እንዳይነካው ሳንቃ ላይ ቆሞ ያዛል፤ ሊንሃርት ከጎኑ ሆኖ እያንዳንዱን ዕቃ ያገላብጣል። ከፊታቸው ከነበረው ሽማግሌ ላይ መጥረቢያና መሮ ወሰዱ። የእነሎኒ ተራ ደረሰ። ድስቱን አዩ፣ ጥቁር ዳቦውን ሁለት ላይ ሰነጠቁት፣ የዮርግን ቡትስ እንኳ አስወልቀው አራገፉ። ምንም የለም። ሎኒ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ እንደ ቅዱሳን ሥዕል ቆማለች።

ሊንሃርት ትራሱን አየው። ጥግ ላይ ጣት የምታህል ቢጫ እድፍ ወጥታለች። ጎንበስ አለና አሸተተ።

«ተልባ» አለ ቀስ ብሎ።

ፕራንትል ትራሱን በቢላ ቀደደው። ላባው ተነሥቶ ጭቃው ላይ፣ ካፖርቱ ላይ፣ የዮርግ አፍ ውስጥ ገባ። ከመሐሉ ብረቱ ዱብ አለ።

ሎኒ ደሟ ፈላ። ያበደችው በወንድሟ ብቻ አይደለም፤ በገዛ እጇም ነው፣ ቅባ ቅባ ባላት እጇ።

«ይሁዳ እንኳ ተከፍሎት ነው!» ብላ ጮኸች። «አንተ በነጻ! አንተ ቀልማዳ! እንዲያው ልብህን ምን ነካው?»

«የአባቴ ነው» አለ ሊንሃርት ፊቱ ቀልቶ። «እዚህ ይቀራል።»

«አፍንጫህን ነው የሰጠህ አባትህ! ጆሮማ መች ሰጠህ!»

የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ፕራንትል አልሳቀም። «ባልሽ እንዲህ ባይለምንልሽ አሁኑኑ ወህኒ ነበርሽ» አላት። ዮርግ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሳል፤ ይቅር ይበሉን ጌታዬ፣ ሴት ናት፣ ሐዘንተኛ ናት ይላል። ሹሙ ብረቱን አንስቶ ለሊንሃርት ሰጠውና አንሱ ጋሪያችሁን አለ።

ሎኒ እንባዋ መጣ። ለፕራንትል ላለማሳየት ዞር ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ያን ጊዜ እጇ የነካው ዋሽንቷን ነው። አባቷ መጨረሻ የሠራት የፕሪም ዋሽንት፣ እንደ ልማዷ ሸሚዟ ሥር ትሞቃለች፤ በብርድ ያልሞቀች ዋሽንት ቢነፏት ጉሮሮዋ ውሃ ይሞላል። ሎኒ ደርቃ ቀረች። ትዝ አላት። ልጅ ሳለች አንድ ጎረቤት መሰርሰሪያው ተሰብሮበት እያለቀሰ መጥቶ ነበር። አባቷ ከራሱ ከሰውየው ዋሽንቶች አንዷን ወሰደ፤ የአፏን የጥድ ውታፍ አወጣ፤ የጣት ቀዳዳዎቿን በሊጥ ደፈነ፤ ሆዷን ዘይት ቀብቶ የንብ ሰም አፈሰሰባት። ሲበርድ ገፍቶ ቢያወጣው ሰሙ የተሰበረው ብረት ቁርጥ መንታ ነበር። አንጥረኛው እሱን እያየ አዲስ ቀጠቀጠ። እንግዲህ የአባቷ ብረት እዚህ ደረቷ ውስጥ ነበር፤ ያውም ሞቆ!

ግን ያን ቀን ሻማውን ይዘው የቆሙት ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዷ እሷ ናት። ሌላው ሊንሃርት ነው።

«ደረትሽ ውስጥ ምንድነው?» አለ ፕራንትል።

«ጡቴ ነዋ! እሱም አዋጁ ውስጥ ገባ?»

ሰልፉ አውካካ። ፕራንትል ጆሮው ድረስ ቀላ። «አውጪ!» አላት። አወጣች። ሹሙ ዋሽንቷን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ ይዞ ለሊንሃርት አቀበለው። «መሣሪያ ነው?»

ሊንሃርት ብረቱን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ዋሽንቷን ያዘ። በአውራ ጣቱ ውታፏን ገፋ አድርጎ አወጣና ሆዷን ወደ ብርሃኑ አቅንቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተ። ብዙ ቆየ። ሎኒ ምን እንደሚያይ ታውቃለች፤ በፋይት ዋሽንቶች ሁሉ ሆድ ውስጥ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የምትዞር፣ ፀጉር የምታህል ቀጭን መስመር አለች። የመሰርሰሪያው ስለት አንድ ቦታ ሸራፋ ስለሆነ ነው። የሸረፈው ሊንሃርት ነው፤ በልጅነቱ ሰርቆ በረዶ ሲፈነቅልበት። አባታቸው ማነው ብሎ ቀበቶውን ሲፈታ ሎኒ እኔ ነኝ አለች፤ ቀበቶውንም በላች። አባቷ ስለቱን ልሞርደው ብል ሆዱ ይበላሻል ብሎ ሽራፊውን እስከ ዕለተ ሞቱ ተወው። እሷም እስከ ዛሬ አልተናገረችም።

ዮርግ ከኋላ ክንዷን ቆነጠጣት፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ዝም አልልም አለች በሆዷ፤ ደግሞ ለዚህ ልንበርከክ?

«እይ!» አለችው ጮክ ብላ። «ደህና አድርገህ እይ! መስመሯን አየሃት? የማን ሥራ እንደሆነች ንገራቸዋ!»

«የምን መስመር?» አለ ፕራንትል።

ሊንሃርት ዋሽንቷን ከዓይኑ አወረደ።

«ስንጥቅ ናት» አለ። «ያረጀች ዋሽንት ናት፣ ጌታዬ። የልጅ መጫወቻ። ምንም አታደርግም።»

ውታፏን መለሰ። ሲያቀብላት እጇ ላይ ትንሽ ቆየና ከንፈሩን ሳያነቃንቅ «ሰሙን በጨርቅ አጥሪው» አላት።

«ማን ጠየቀህ!» ብላ ነጠቀችው። አመሰግናለሁ አላለችም። ለምን ትላለች? ብረቱ እንደሆነ ብብቱ ውስጥ ነው።

የኬላው ግንድ ተነሣ፤ ጋሪያቸው አለፈ። ከወዲያ ያለው መሬት የሌላ ጌታ ነው፤ የፕራንትል ቃል እዚያ አይሠራም። ሎኒ ጭቃው መሐል ቆመች፤ ዞረች፤ ዋሽንቷን አፏ ላይ አድርጋ በሸለቆው ጮክ ብሎ መዘመር የተከለከለውን መዝሙር ነፋችው። ታችኛው ድምፅ አልታነቀም፣ ላይኛው አልጮኸም። ያለፉት፣ መጥረቢያው የተወሰደበት ሽማግሌ ጭምር፣ ተቀብለው ዘመሩ። ከዚያ ደግሞ ገና ያላለፉት እዚያው ሹሙ አፍንጫ ሥር ተቀበሉ። ፕራንትል ዝም በሉ እያለ ሳንቃው ላይ ቢዘል ሳንቃው ተንሸራተተና ካፖርቱ እንደፈራው ጭቃ ውስጥ ገባ።

ሊንሃርት ብቻ አልተንቀሳቀሰም። ብብቱን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ያዳምጣል። ሎኒ እያየችው እስከ መጨረሻው ስንኝ ነፋችለት። ትስማ ያቺ ጆሮው፣ አለች።

ኑረምበርግ ሲደርሱ ቤት ከመፈለጓ በፊት አንጥረኛ ፈለገች። ሰሙን በመንገድ ላይ አንድ ጋጥ ውስጥ በጨርቅ አጥርታ ዋሽንቷ ሆድ ውስጥ አፍስሳ፣ ገፍታ አውጥታ፣ በደረቅ ሣር ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር ያመጣችው። አንጥረኛው ባለ ትልቅ ሆድ፣ ወሬ የሚወድ ሰውዬ ነው። ሰሙን መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላበጠው።

«ጎበዝ እጅ ነው ያፈሰሰው» አለ። «አንድ ነገር ብቻ፣ እመቤቴ። እዚህ ጋ ዙሪያውን የምትዞር ቀጭን ጭረት አለች። ዋናው ብረት ስለቱ ሸራፋ ነበር ማለት ነው። እኔ አዲሱን ስቀጠቅጠው ቀጥ አድርጌ አስተካክልልሻለሁ፤ ዋጋ አልጨምርብሽም።»

ዮርግ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። ሎኒ መዶሻ የያዘውን የአንጥረኛውን እጅ ይዛ ወደ ታች ጫነችው።

«ሽራፊዋን እንዳትነካት» አለችው። «እዚያው ቦታዋ ላይ ትሠራልኛለህ። እሷ የወንድሜ ናት።»