የተዋስኩት ደም

ዘውዱ እባላለሁ፤ ደብረ ታቦር ገበያ ጤፍ እሸጣለሁ። ወፍራም ነኝ፣ ፈሪም ነኝ፣ ለቅቤ ግን ጀግና ነኝ። ራሴን ቢያዞረኝ ክሊኒክ ሄድሁና ሲስተር ፍቅርተ ስኳሬን ለካች። «በሽታ ሊሆን አንድ ሐሙስ ነው የቀረው» አለችኝ። «በዚህ ላይ ኮሌስትሮል ከተጨመረ የልብዎን ደም ሥር ይደፍናል። ነገ ለእሱ ምርመራ ደም ይሰጣሉ።»

ባለቤቴ ጥሩነሽ ይህን ስትሰማ፣ «ኮሌስትሮል ከተገኘብህ ቅቤ እዚህ ቤት አይገባም!» ብላ ማለች። እሷ ከማለች አለቀ።

ሲጨንቀኝ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ፋንታው ትዝ አሉኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የገሳይ ገበሬ ናቸው፤ ከሲታ፣ ዳገቱን እየሮጡ የሚወጡ። በነጋታው ለገበያ ሲመጡ የምርመራ ወረቀቴን አስይዤ በስሜ ደም እንዲሰጡ ላቦራቶሪ ላክኋቸው። እዚያ የሚያውቀኝ የለም።

«ኧረ ኃጢአት ነው» አሉ።

«ለወንድም ደም መስጠት ያጸድቃል እንጂ!» አልኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ደረቴን ነፍቼ ውጤት ልቀበል ገባሁ። ሲስተር ፍቅርተ ወረቀቱን አይታ ፊቷ ተለወጠ። «መጥፎው ኮሌስትሮል እጅግ ከፍ ብሏል። ዛሬውኑ ሐኪም ያያሉ።»

«ቀጭን ሰውንም ይይዛል እንዴ?» አመለጠኝ።

«በዘር ከመጣ ቀጭን ወፍራም አይልም። ከቤተሰብ በድንገት የሞተ አለ?»

አባታችን እርፍ እንደጨበጡ ነበር የወደቁት። አገሩ ሁሉ ቡዳ ነው አለ። እሳቸውም ቀጭን ነበሩ። ቅቤውም ጥሩነሽም ከሐሳቤ ጠፉ። ሁሉን ተናዘዝሁ። ሲስተር ፍቅርተ አሳምራ ተቆጣችኝ፤ የእጄን ነው ያገኘሁት። «አሁኑኑ ይደውሉላቸው!» አለች።

ወደ በሩ ወጥቼ ስደውል ጋሼ የገሳይ ሚኒባስ ተሳፍረው ነበር።

«ጋሼ፣ ተመለሱ! ኮሌስትሮሉ የአንቱ ነው። እንደ አባታችን እንዳትሆኑብኝ ፈራሁ!»

«ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ስም ነው?»

«የኔ።»

«እንግዲያ በሽታውም ያንተ ነው፤ በስምህ ታከም!»

አለቀስሁ። ይህን የሚያህል ሰውዬ ክሊኒክ በር ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ጋሼም፣ «ያንተስ ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«ገና አልተለካሁም።»

«እኔን አሳምመህ አንተ ልታመልጥ? ክንድህን ዘርጋ። ስትወጋ ልስማ፤ ያን ጊዜ እመለሳለሁ።»

ተመልሼ ገባሁና ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ለሲስተር ፍቅርተ ክንዴን ዘረጋሁ። መርፌው ገና ሳይነካኝ ጮህሁ። ጋሼ ከት ብለው ሳቁ፤ ወዲያው «ወራጅ አለ!» ሲሉ ሰማኋቸው።