ለጊዜው የተሰካች ፍላሽ

መሳፍንት ክፉ ሰው አይደለም። ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ስልክና ኮምፒውተር ከሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ከአገር ቤት የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር አይጠፋም። አንዱ ቻርጀር ሊያሠራ፣ ሌላው በፈረንሳይኛ የተጻፈ ወረቀት ሊያስነብብ ይመጣል፤ እሱም ሥራውን አቁሞ ያነብላቸዋል። የእሱ ጣጣ «ለጊዜው» የምትባል ቃል ናት። የሱቁ በር ለጊዜው በሽቦ ታስሯል፣ ወንበሩ ለጊዜው በብሎኬት ተደግፏል፤ ሁለቱም እንደዚያው ሆነው ዓመት አልፏቸዋል።

ማዳም ሩቅያ ለሳሎናቸው ቴሌቪዥን የሚሆን ኮምፒውተር እንዲገጥምላቸው ያዘዙት የልጃቸው ሠርግ ሰሞን ነበር። ፊልሙንና የቤተሰቡን ቪዲዮ የሚይዘው ትልቁ ሃርድ ዲስክ አላስቸገረውም። ያስቸገረው ማስነሻው ነው፤ ማሽኑ ሲበራ የሚነሣበት ሲስተም የት ይቀመጥ? ትልቁ ዲስክ ላይ ቢጭነው ይንቀራፈፋል፣ እየተንገጫገጨም ሳሎኑን ይረብሻል። ኤስኤስዲ የሚባለውን ትንሽ ዲስክ ቢያደርግለት ፈጣንም ድምፅ አልባም ይሆናል። ትክክለኛው ምርጫ ይኸው እንደሆነ መሳፍንት አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን ለዚያች ቀጭን ሣጥን የሚስማማው ዓይነት ከዱባይ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት፣ ማዳም ደግሞ ቸኩለዋል። ስለዚህ ሲስተሙን አውራ ጣት በምታክል ፍላሽ ላይ ጫነና ከኋላ ሰካት። «ለጊዜው» አለ ለራሱ። ለማዳም አልነገራቸውም።

ኤስኤስዲው መጣ። ከነማሸጊያው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። መሳፍንት ባየው ቁጥር «ዛሬ ይዤው እሄዳለሁ» ይላል፤ ከዚያ ሹፌር ይመጣል፣ ወሬ ይመጣል፣ ጫት ይመጣል። በዚህ መሃል ሐምሌ ገባ፤ ከተማውን የሚጠብሰው የካምሲን ነፋስም መንፈስ ጀመረ። ፍላሿ ባለመስታወቱ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ጀርባ ተሰክታ ቀንና ሌሊት ትሠራለች።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ማዳም ደወሉ። የሠርጉን ቪዲዮ ሊያዩ አማቾቻቸው ሳሎን ሞልተው ሳለ ማሽኑ አልነሣ ብሏል። መሳፍንት ሲደርስ እንግዶቹ ሻያቸውን ጠጥተው ሄደዋል፣ ማዳም ቆሽታቸው አሯል። እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ፍላሿን ሲነካት ጣቱን ፈጀችው። ነቅሎ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካት፤ ምንም የለም። በሙቀቱ ተቃጥላለች፤ ሌላ ምርመራ አላስፈለገውም።

«እሷ ናት አይደል?» አሉ ማዳም በፈረንሳይኛ። «ጠዋት ከዚያ ጀርባ ስትጠርግ አይቻታለሁ። ነቅላው ይሆናል።»

እሷ ያሏት ስርጉት ናት። ከወሎ በጋላፊ ድንበር በኩል ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ እዚያው ቤት እያደረች ትሠራለች። ፈረንሳይኛም ሶማልኛም አታውቅም፣ ከማዳም ጋር የምትግባባው በእጅ ምልክት ነው። መጥረጊያ ጨርቋን ይዛ ከጓዳው በር ላይ ቆማ አንዴ ማዳምን፣ አንዴ መሳፍንትን ታያለች።

መናገር የነበረበት ያኔ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፦ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይህችን እዚህ መሰካት አልነበረብኝም። ግን የማዳም ቤት ትልቅ ቤት ነው፣ ጎረቤቶቻቸውም ደንበኞቹ ናቸው። እነሱን እንዳያጣ ፈራ።

«ድንገት ከተነቀለ ሊበላሽ ይችላል» አለ።

«በል ጠይቃት።»

ወደ ስርጉት ዞረ። «እህቴ፣ ከዚህ ጀርባ ጠርገሽ ነበር?»

«አዎ፣ አቧራውን ጠርጌያለሁ። ግን ምኑንም አልነቀልኩም ወንድሜ። ሶኬቱን እንዳልነካ በእጃቸው አሳይተውኛል፣ እኔም አልነካሁም።»

መሳፍንት ወደ ማዳም ተመለሰ። «ጠርጌያለሁ ትላለች» አላቸው። እዚያ ላይ አቆመ።

አልዋሸሁም አለ በልቡ። ያለችውን ነው ያልኩት። ሰው ራሱን ሲያታልል ደግሞ እንዴት ያለ ጠበቃ ነው!

ማዳም ፊታቸው ጠቆረ። «በቃኝ። ነገ ጠዋት ዕቃዋን ይዛ ትውጣ፣ ንገራት።»

«ምን አሉ?» አለች ስርጉት።

«ትንሽ ተቆጥተዋል። እስከ ነገ ይበርድላቸዋል» አላትና መሣሪያዎቹን ሰብስቦ ወጣ። በሩ ድረስ ተከትላው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ባትኖር ምን እሆን ነበር» አለችው። የታክሲው ወያላ ሁለት ጊዜ ሂሳብ ሲጠይቀው አልሰማም። ራሱን ጠላ።

በማግስቱ ጠዋት ኤስኤስዲውን አንሥቶ ሲስተም እየጫነበት ነበር። ዛሬ ወስጄ እገጥመዋለሁ፣ ማሽኑ ሲሠራ የማዳምም ልብ ይራራል፣ ነገሩ ሳይነሣ ይቀራል እያለ ራሱን ያጽናናል። ቀና ሲል ስርጉት ሻንጣዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች። «ኮምፒውተር የሚሠራው ሐበሻ» እያለች ሹፌሮቹን ጠይቃ ነው ያገኘችው። ዓይኗ አብጧል።

«ሻንጣዬን አውጥተው በሩን አሳዩኝ» አለች። «ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላውቅም። አንተስ ተከራክረህልኝ ነበር፣ አይቻለሁ። እዚህ አገር ከአንተ በቀር የማውቀው ሰው የለም። ሌላ ቤት ብታገናኘኝ... ዕቃ ሰባሪ የሚል ስም ከወጣብኝ ማን ይቀጥረኛል? ጠባዬን አይተሃል፣ መስክርልኝ።»

መስክርልኝ የምትለው ቃል ናት የጣለችው። ኩም አለ። ወንበሩን አቀረበላትና እሱ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ የፍላሿን ነገር፣ ማዳም የጠየቁትን፣ እሷ የመለሰችውን፣ እሱ የቆረጠውን።

«አልነካሁም ማለቴን አልነገርካቸውም?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ውጪ ማለታቸውንም ለእኔ አልነገርከኝም።»

«አልነገርኩሽም።»

አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ብትሰድበው ይቀለው ነበር። ሻንጣዋን አነሣች። «እንሂድ። ያስቀረኸውን ፊቴ ላይ ትነግራቸዋለህ።»

ሻንጣውን ልያዝልሽ ብሎ ለምኖ ተቀበላት። ማዳም በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ሁለቱን አብረው ሲያዩ ግራ ተጋቡ። መሳፍንት ፍላሿን በመዳፉ ይዞ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ ስርጉትም ምንም አልነካሁም ብላ እንደነበር ተናገረ።

«ትናንት ይህን ታውቅ ነበር?» አሉ ማዳም።

«አውቅ ነበር።»

«እዚህ ቆመህ፣ እያየሃት?»

«አዎ ማዳም።»

ፊታቸውን ከእሱ አዞሩ። ከዚያ ወደ ስርጉት እያዩ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ግቢ ይሉሻል» አለ መሳፍንት። «በድዬሻለሁ፣ ሥራሽ ላይ ነሽ ይላሉ።»

ስርጉት ንቅንቅ አላለችም።

«እውነት ነው ስርጉት፣ እንደዚያ ነው ያሉት።»

«በምን አውቃለሁ?» አለችው።

እውነቱን ነበር የነገራት፣ ግን እውነት ለመሆኑ የሚያስይዘው ነገር አልነበረውም። ማዳም ሁለቱን ተራ በተራ አዩና ምን እንደተባለ ሳይነገራቸው ገባቸው። ከበሩ ደረጃ ወርደው ሻንጣውን ከመሳፍንት እጅ ተቀበሉ፣ በሌላ እጃቸው የስርጉትን ክንድ ያዙ። ያኔ ነው ከቆመችበት የተንቀሳቀሰችው፤ የማዳምን እጅ ይዛ፣ ወደ እሱ ሳትዞር ገባች።